በሬው ሳይሸጥ

 

ዛሬ የምናገረው ከስደት ስለሚመለሱ ወገኖቻችንና በሰሜን ጎንደር ደጋ ስላለው ችግረኛ ገበሬ ነው። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች ብዙ ጊዜ በሁለት ቢሮ፣ በሁለት መዝገብ፣ በሁለት በጀት ይያዛሉ። ተመላሹ ለብቻ፣ ድርቁ ለብቻ። እኔ ግን የአንድ ቤት ጉዳይ ናቸው እላለሁ። ዛሬ ከሱዳን የሚመለሰው ሰው ትናንት ከደጋ የወረደ ገበሬ ወይም የገበሬ ልጅ ነው። ዛሬ በደጋ ያለው ገበሬም በሰኔ የሚደርስለት ካጣ ነገ ቆላ ይወርዳል፣ ከነገ ወዲያ ድንበር ይሻገራል። ስለዚህ የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታን የምንመዝንበት ጥያቄ አንድ ይሁን፦ የደረሰው በሬው ሳይሸጥ ነው ወይስ ከተሸጠ በኋላ?

ጃናሞራ፣ በየዳ፣ ደባርቅ፣ ዳባት ወይም ወገራ ያደጋችሁ ሰዎች አንድ ቤት እንዴት እንደሚፈታ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ከተማ ላደጋችሁት ግን በተራ ላስቀምጠው። ዝናቡ ሲያጥር፣ ወይም ውርጭና በረዶ ገብሱን ሲመታው፣ መጀመሪያ የሚቀነሰው ማዕድ ነው። ሦስቴ ይበላ የነበረው ሁለቴ፣ ሁለቴ ይበላ የነበረው አንዴ ይሆናል። ቀጥሎ ዶሮውና በጉ ገበያ ይወጣል። ከዚያ ጎረምሳው ልጅ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ይወርዳል፤ ሰሊጥ ሊያርም፣ ሰሊጥ ሊያጭድ። ያም አልበቃ ሲል ብድር ይመጣል፤ ወለዱ መኸሩን አስቀድሞ የሚበላ ብድር። ከዚያ ለዘር የተቀመጠው እህል ይነካል። ዘሩ ከተበላ በኋላ ቤት ውስጥ የሚሸጥ ነገር ቢቀር በሬው ነው።

የበሬ ሽያጭ ደግሞ የራሱ ክፋት አለው። ችግሩ የአንድ ሰው ስላልሆነ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም በዚያው ቅዳሜ በሬውን እየነዳ ገበያ ይወጣል። ሻጭ በዝቶ ገዢ ሲያንስ የከብት ዋጋ ይወድቃል። እህል ፈላጊ በዝቶ እህል ሲያንስ ደግሞ የእህል ዋጋ ይወጣል። ገበሬው በሁለቱም በኩል ይቀጣል፤ ያለውን በርካሽ ይሸጣል፣ የሌለውን በውድ ይገዛል። በጥር ብዙ ኩንታል ያመጣ የነበረው በሬ በሰኔ የሚያመጣው እህል ለክረምቱ እንኳ አይዘልቅም።

ከዚያ ዝናቡ ይመጣል። አንድ በሬ የቀረው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ያርሳል። ሁለቱንም ያጣው ግን መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ ምርቱ ቢያምር እንኳ ግማሹ የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ድርቁ አለፈ፣ ዝናቡ ተስተካከለ፣ ጋዜጣው ምርቱ ጥሩ ነው ብሎ ጻፈ፤ ያ ቤት ግን አልተነሣም። እዚህ ላይ ነው የእርዳታው ቀን ከእርዳታው መጠን የሚበልጠው። በግንቦትና በሰኔ የደረሰ አንድ ኩንታል በሬውን ያተርፋል። በጥቅምት የደረሰ ሦስት ኩንታል ሆድ ይሞላል፣ በሬውን ግን አይመልስም። ያኔ ነው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ አያቶቻችን ከፍለው የተማሩት ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ረኀብ አገሩ ሁሉ ክፉ ቀን ይለዋል። ያኔ ድርቅም ነበር፣ አንበጣም ነበር፤ ሕዝቡን የጨረሰው ዋናው ነገር ግን ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋር የመጣው የከብት በሽታ ነው። የኢትዮጵያን ከብት አብዛኛውን ጨረሰው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ አለቀ የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ሰማዩ ዘንቦ መሬቱ ረጥቦ ሳለ የሚያርስ በሬ ጠፋ። ረኀቡ ዓመታት የዘለቀው ለዚህ ነው። ጎንደር ላይ ደግሞ ጦርነት ተደረበ። ጥር 1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር ከተማዋን አቃጠለ፣ አብያተ ክርስቲያናቷን አነደደ። በዓመቱ፣ መጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ጦርነት፣ የከብት እልቂትና ድርቅ ባንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚሆን ይህ ከተማ ከብዙዎቹ ቀድሞ አይቷል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ታሪክ ለብዙዎቻችሁ ቅርብ ነው። በወሎው ረኀብ ምክንያት በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከጎንደርና ከትግራይ ሕዝብ በእግሩ ወደ ሱዳን ጎረፈ። ገዳሪፍ አካባቢ ያለው የኡም ራኩባ መጠለያ ከዚሁ ከጎንደር ገጠር በተነሡ ሰዎች ተሞላ፤ ቤተ እስራኤላውያንም ከመካከላቸው ነበሩ። ስንቶቹ መንገድ ላይ ቀሩ፣ ስንቶቹ መጠለያው ውስጥ በበሽታ አለቁ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በ1990ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አማካይነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሱዳን ተመለሱ። እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2000 ጀምሮም ከዚያ ለውጥ በፊት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን የስደተኝነት መብት በይፋ እንዲያበቃ ተደረገ። በወረቀት ላይ ያ ምዕራፍ ተዘጋ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግን በሰሜኑ ጦርነት ከ60 ሺህ በላይ ሰው ወደ ሱዳን ሲሻገር ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ። በ1977 ስደተኞች ባደሩበት ሜዳ እንደገና ድንኳን ተተከለ።

ለምን ይደጋገማል? መንገዱን በካርታ ላይ ተከተሉት። የደጋው ልጅ ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ ሱዳን አይሄድም። መተማ፣ ቋራ፣ አርማጭሆ ወይም ሁመራ ነው የሚወርደው፤ ሰሊጥና ማሽላ እርሻ ላይ ይቀጠራል። እዚያ ሳሉግ ይባላል። ገንዘብ ቋጥሮ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ባለሀብቱ ሒሳቡን ሲያሳንስበት፣ ወይም ወባው የያዘውን ገንዘብ ሲጨርስበት፣ ባዶ እጁን ወደ ቤት መግባት ያፍርና ድንበሩን አልፎ ወደ ሱዳኗ ገላባት ይሻገራል። ከገላባት ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም። ሴቶቹ ካርቱም ጎዳና ላይ ሻይና ቡና ሸጠው፣ ሰው ቤት ተቀጥረው ልጅ ያሳድጉ ነበር። ከዚህ መንገድ ላይ የቱ ጋ ነው ገበሬ መሆኑ አብቅቶ ስደተኛ መሆኑ የሚጀምረው? መስመሩን ማስመር የሚችል ያለ አይመስለኝም።

ይህን መንገድ በሽታም ይሄድበታል። የቆላ በሽታ የነበረው ካላዛር በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ፣ ከዚያ በፊት በማይታወቅበት ከፍታ፣ በወረርሽኝ ተነሣ። ወደ መተማና ሁመራ የወረዱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመለሱ እንዳልቀረ ሐኪሞች ገምተዋል። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይመነምናል፤ ወባ ነው ተብሎ ሲታከም ስንቱ ጊዜ ያልፍበታል። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለው። ሐኪሞቹ ደጋውና ቆላው አንድ አገር መሆኑን በበሽተኛው ገላ ላይ አይተው አወቁ። የእርዳታ መዝገባችን ግን እስካሁን ይለያያቸዋል።

አሁን ወደ 2015 ዓ.ም. ልምጣ። ያን ዓመት በደንብ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር በአንድ መንፈቅ ውስጥ ነው የመጣው። ሚያዝያ 7 ቀን ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። በሳምንታት ውስጥ የመተማ ዮሐንስ በር በሰው ተጨናነቀ። ሱዳናውያን ስደተኞች ነበሩ፣ ሱዳን ተጠልለው የኖሩ ኤርትራውያን ነበሩ፣ ከዓመታት በኋላ የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንም ብዙ ነበሩ። ለስደተኞቹ ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተሠራ። ተመላሹ ኢትዮጵያዊ ግን አገሩ ገብቷልና መጠለያም አይገባ፤ ወደ ቤትህ ሂድ ተባለ። የቱ ቤት?

በሰኔ መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም፣ እህሉ በሰፊው ለሌላ ዓላማ እየዋለ ነው ብለው በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቋረጡ። ለአብዛኛው ገበሬ የተመለሰው ኅዳርን ተሻግሮ ነው። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፤ ጎተራ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ነው እነዚህ ወራት። የሰረቀ መጠየቁ ተገቢ ነው፣ ማንም አይከራከርም። ግን ከራሺኑ አንድ ጣሳ ያልነካው የጃናሞራ ገበሬ ለሌባው ቅጣት ከፈለ። በዚያው ክረምት ዝናቡ በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ሳይበቃ ቀረ። በሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ተቀጣጠለ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ስልክና ባንክ በየጊዜው ይቋረጥ ጀመር። መኪናው ቢገኝ ነጂው ይፈራል፤ ነጂው ቢደፍር መንገዱ ዝግ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል፤ ደባርቅና ዳባት በተፈናቃይ ተሞልተው ነበር። በዚሁ ዳባት አለምዋጭ ላይ ከማይ አይኒና ከአዲ ሐሩሽ የመጡ ኤርትራውያን ስደተኞች ተጠልለዋል። ራሱ ችግረኛ የሆነ ወረዳ ነው ውሃውንና እንጨቱን የተካፈለው። ይህን ስል ለማማረር አይደለም። እርዳታ ሲታቀድ አስተናጋጁ ገበሬ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ስንዴው ሲራገፍ ብቻ እንዲያይ ከተደረገ፣ ነገ ጠብ ይሆናል ለማለት ነው።

እስኪ ደግሞ አንድ የእርዳታ ቀን በቅርብ እንይ። በአገራችን የተለመደው ራሺን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። ከራሷ ጋር አምስት ቤተሰብ ያላት እናት 75 ኪሎ እህል ይደርሳታል ማለት ነው። ማደያው ያለው ከቤቷ የግማሽ ቀን ወይም የአንድ ቀን መንገድ ላይ ነው። ሌሊት ተነሥታ ትመጣለች። ስሟ እስኪጠራ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። ስንዴው የሚመጣው በ50 ኪሎ ጆንያ ስለሆነ ለብቻዋ አይሰጣትም፤ ከሌሎች ጋር ይደመርላቸውና መሬት ላይ ሸራ ወይም ጋቢ አንጥፈው በጣሳ ይከፋፈላሉ። ዘይቱን በሲኒ ይለካካሉ። የፈሰሰውን ፍሬ ልጆች ይለቅማሉ። ከዚያ የአህያ ነገር ይመጣል። 75 ኪሎውን ዳገት ለማውጣት አንድ አህያ አይበቃም፤ አህያ የሌላት ለባለ አህያው ከዚያው ከስንዴው ትከፍላለች። አመሻሽ ላይ ቤቷ ስትደርስ ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባችው እኅቷ ደጅ ላይ ተቀምጣለች። ምን ትበላት? ቆንጥራ ትሰጣታለች። ማግሥቱን ጎረቤት አለ፣ ከቆላ ታሞ የተመለሰ የአጎት ልጅ አለ። የወር የተባለው ራሺን ከሁለት፣ ከሦስት ሳምንት አያልፍም።

ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ሲያይ «እህሉ ተባከነ» ሊል ይችላል። እኔ ግን ያ ማካፈል ዝርዝሩን የምታርም እጅ ናት እላለሁ። ኮሚቴው የዘለለውን ሰው እሷ አልዘለለችውም። ብልሃቱ እሷን መውቀስ ሳይሆን ከጅምሩ ዝርዝሩን ማስተካከል ነው። ከዝርዝሩ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ደግሞ ያ የተመለሰው ሰው ነው።

ከካርቱም ሁለት ልጆች ይዛ የተመለሰች እናት እንበል። መተማ ላይ ተመዘገበች፣ ጥቂት ገንዘብና ብርድ ልብስ ተሰጣት፣ ጎንደር ድረስ አውቶቡስ ተከፈለላት። ከጎንደር ዳባት በራሷ ሄደች። አባቷ ሞተዋል፤ መሬቱ በወንድሟ ስም ነው፤ እሱም ለእኩል ሰጥቶታል። ቀበሌ ስትሄድ መታወቂያ የላትም፤ መታወቂያ ስትጠይቅ መሸኛ አምጪ ትባላለች። ከየት ታምጣ? ከካርቱም? ልጆቿ አማርኛ የሚናገሩት እየተንተባተቡ ነው፣ የልደት ወረቀት ስለሌላቸው ትምህርት ቤቱ ያንገራግራል። የችግረኛ ገበሬዎች መርጃ የሆነው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ዝርዝር የተዘጋው እሷ ከመምጣቷ በፊት ነው። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዛሬ ሦስት ዞን ሆኗልና፣ የገባችው በምዕራብ ጎንደር፣ ያለፈችው በማዕከላዊ ጎንደር፣ የደረሰችው ሰሜን ጎንደር ነው። ሦስቱንም ረግጣለች፤ አንዱም ጋ ግን እንደ ነዋሪ አልተቆጠረችም። ይህች ሴት እስከሚቀጥለው ክረምት ካልተቋቋመች ምን ታደርጋለች? ልጆቿን ለእናቷ ትታ፣ ቀድሞ የምታውቀውን መንገድ ተመልሳ ትይዘዋለች።

«እርዳታ ገበሬውን ያሰንፋል» የሚል ሐሳብ እዚህ አዳራሽ ውስጥም እንዳለ አውቃለሁ። በአክብሮት ልመልስ። አንደኛ፣ ከላይ የነገርኳችሁ ራሺን ማንንም አስቀምጦ የሚያኖር አይደለም። ሁለተኛ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት የታቀፈው ገበሬ፣ አቅመ ደካማ ካልሆነ በቀር፣ በነጻ አልበላም። እርከን ሠርቷል፣ ጉድጓድ ቆፍሯል፣ የወረዳ መንገድ ጠርጓል። ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው፦ ገበሬውን የሚያዳክመው ይመጣል አይመጣም ብሎ አለማወቁ ነው። እህሉ በሰኔ አንድ እንደሚደርስ እርግጠኛ የሆነ ሰው በሬውን አይሸጥም፣ ዘሩን አይበላም፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አያስወጣም። ይደርሳል ተብሎ ሳይደርስ የቀረበት ግን ዕቅድ ማውጣት ትርጉም ያጣበታል። ቃል የተገባለት ነገር በወቅቱ ሲደርስ የሚሰንፍ ገበሬ እኔ አላየሁም።

ሌላው ጥያቄ «እህሉ ከየት ይመጣል?» ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ካገደ ወዲህ ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ኢትዮጵያ ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች ከአሜሪካ ብዙ እርዳታ ከሚያገኙት ግንባር ቀደሟ ነበረች። ግን ዓይናችንን ከወደብ እናንሣና አካባቢያችንን እንይ። ደምቢያ ጤፍና ሽምብራ ያመርታል። መተማና አርማጭሆ የማሽላ አገር ናቸው። ወረታ ላይ የመጠባበቂያ እህል መጋዘን አለ። እህሉ ከረኀቡ ሩቅ አይደለም። የሚያርቀው መንገዱና ጸጥታው ነው። ከደባርቅ ወደ ጃናሞራዋ መካነ ብርሃንና ወደ በየዳዋ ድል ይብዛ የሚወጣው የተራራ መንገድ በክረምት ምን እንደሚመስል የጭነት መኪና ነጂዎችን ጠይቁ። በሐምሌ ወደዚያ እህል ማጓጓዝ ዘግይቶ የመጣ ጀግንነት ነው፤ በሚያዝያ ማድረስ ግን ተራ ሥራ ነው።

እንግዲህ መቼ ነው የምንነሣው? ዛሬ ብዙ ጊዜ ደወሉ የሚደወለው የሕፃኑ ክንድ ሲለካ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መለኪያውን ታስራለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፣ ልጁ በጽኑ ተጎድቷል፣ ለሕይወቱ ያሰጋል። ያ ልኬት ሕይወት ያድናል፤ ይቀጥል። ለማስጠንቀቂያነት ግን የመጨረሻው ምልክት ነው። የሕፃኑ ክንድ ቀይ ላይ ሲደርስ በሬው ከተሸጠ ወራት አልፈዋል። የመጀመሪያው ምልክት ያለው ገበያ ላይ ነው። አንድ በሬ ስንት ኩንታል ገብስ ይገዛል? ያ ቁጥር በሁለት በሦስት ሳምንት ሲያሽቆለቁል፣ የእርሻ በሬዎች ከወትሮው በርክተው ገበያ ላይ ሲታዩ፣ ጎረምሶች ያለ ወቅታቸው ወደ መተማ ሲወርዱ፤ ያኔ ነው ደወሉ መደወል ያለበት። ይህን ለማወቅ ሳተላይት አያስፈልግም፤ የደባርቅን ገበያ በየሳምንቱ የሚጽፍ አንድ ሰው ይበቃል።

ይህ የጎንደር ከተማ ከችግር ተቋም ማውጣት ያውቅበታል። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ሰባት ሺህ ያህል ሰው ጨረሰ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ነው የበቀለው። ያን ጊዜ የነበሩት ሰዎች መድኃኒት አድለው በቃን አላሉም። ወባው እንደሚመለስ አውቀው፣ ወባ ሲመጣ ገጠር የሚገኝ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አሠለጠኑ። የኮሌጁ ተማሪዎች በቡድን ወደ ገጠር እየወጡ የሚማሩበት ልማድም እስከ ዛሬ ዘልቋል። ዳባት ላይም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው የቤተሰቦችን ልደትና ሞት እየተከታተለ የሚመዘግብበት የምርምር ጣቢያ አለ። የልደትና የሞት መዝገብ ከያዝን የበሬና የዘር መዝገብ መያዝ አይከብደንም።

ስለዚህ አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ውሳኔው በኅዳር ይወሰን፣ እህሉ በሚያዝያ ደባርቅና መካነ ብርሃን ይግባ። የመኸር ግምገማ በኅዳር ይደረጋል፤ ችግሩ ውጤቱ ወደ እህልነት እስኪለወጥ ክረምቱ መግባቱ ነው። ገበያው በሚሠራበት ወረዳ ጥሬ ገንዘብ ይሰጥ፤ ገንዘቡ የአካባቢውን ነጋዴ ያነቃቃል፣ የመጓጓዣ ወጪ ይቀንሳል። ገበያው በሞተበት፣ ለምሳሌ በክረምት በየዳ ላይ፣ ገንዘብ ቢሰጥ ዋጋ ከማስወደድ በቀር ፋይዳ የለውም፤ እዚያ እህል ይሂድ።

ሁለተኛ፣ ከራሺኑ ጋር ዘርና በሬ ይታሰብ። የተበላውን ዘር የሚተካ ገብስና ድንች፣ ለከብቱ መኖና ክትባት፣ በሬ ላጣው የእርሻ ኪራይ ወይም በመቀናጆ የሚገባበት አንድ በሬ። ይህ የልማት ሥራ ነው ተብሎ ለከርሞ የሚተላለፍ መሆን የለበትም፤ ሰኔ ለከርሞ አይቆይም።

ሦስተኛ፣ ተመላሹ በገባበት ወር ይመዝገብ። መሸኛ የሚጠየቀው ጦርነት ከሌለበት አገር ለመጣ ሰው ነው። ሦስት የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲመሰክሩ ቀበሌው ይቀበለው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይግቡ፣ ዝርዝሩም በአደባባይ በሕዝብ ፊት ይነበብ። ዝርዝር በአደባባይ ሲነበብ የቀረውም ይታወቃል፣ ያለ አግባብ የገባውም ያፍራል።

አራተኛ፣ እህል የጫነ መኪናና የክትባት ሣጥን የያዘ ሠራተኛ በማንም ታጣቂ እጅ አይነካ። ይህን ጥያቄ ለመንግሥትም፣ ጫካ ላሉትም እኩል አቀርባለሁ። የሃይማኖት አባቶችና ሽማግሌዎች እዚህ ላይ ከማንኛውም ዓለም አቀፍ ድርጅት የበለጠ ጉልበት አላችሁ። ስለ ፖለቲካው ባንስማማ እንኳ በሰኔ ዘር ስለሚያልፍበት መንገድ ለመስማማት ሽማግሌ መላክ ያለ ነገር ነው።

የጎንደር ከተማ ነዋሪዎች ሆይ፣ እናንተም ድርሻ አላችሁ። ዕድሮቻችን ቀብር ላይ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ለቅሶ ሳይመጣ ቀድመው የሚደርሱበት ሥርዓት ግን የላቸውም። የዕድር ገንዘብ ከፊሉ በግንቦት ለዘር ብድር ቢውል፣ በጥር ቢመለስ፣ ምን ይጎድላል? በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶችም ብዙ ጊዜ የምትልኩት ፎቶው ከታየ በኋላ ነው። ከፎቶው በፊት ላኩ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ብለውናል አባቶቻችን።

አንድ ጥያቄ ጥዬላችሁ ልቀመጥ። በየወረዳው የተከፋፈለው ስንዴ ስንት ኩንታል እንደሆነ ለጠየቀ ሁሉ ሪፖርት ይሰጠዋል። በዚያው ወረዳ ባለፈው ሰኔ ስንት የእርሻ በሬ እንደተሸጠ ግን የሚነግራችሁ ቢሮ አታገኙም። ነገ ጠዋት የግብርና ጽሕፈት ቤቱን፣ የአደጋ ስጋት ቢሮውን፣ የምትሠሩበትን ድርጅት ይህን ቁጥር ጠይቁ። የለንም ካሏችሁ መቁጠር እንዲጀምሩ አድርጉ፤ ተማሪዎች ደግሞ ቁጠሩ። ቁጥሩ በየዓመቱ እየቀነሰ ከመጣ እርዳታችን ሠርቷል ማለት ነው። ካልቀነሰ የስንዴው ቁልል ምንም ያህል ቢያምር አልደረስንም።